ሰው በገባ ቁጥር የሚወርደው ፍጥነት

ኮምፒውተር ሲንኳኳ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ ሰምቻለሁ። ግን ኮምፒውተር ይንኳኳል ብሎ ማን ያስባል? በር ላይ ሰው ያለ መስሎኝ «ይግቡ» ስል ቆየሁ። የሚገባ ሲጠፋ ተነሥቼ በሩን ከፈትሁት። ነፋስ ብቻ። ተመልሼ ስቀመጥ እንደገና ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ያን ጊዜ ነው ድምፁ ከጠረጴዛዬ ሥር እንደሚመጣ የገባኝ።

የምሠራው እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ ሰፊ አዳራሽ አይታያችሁ። አንድ ክፍል ናት፤ ጥቂት መደርደሪያ፣ ለአንባቢ የተቀመጠ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ አንድ ኮምፒውተርና እኔ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ዘግይቶ ማዕድ እንደ ቀረበ ሰው ነው፤ ፍርፋሪ አይተውም። የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ቢሆን የተጻፈበትን እስከ መጨረሻው ካላነበብሁ አልጥለውም። ይህን የምነግራችሁ ልታደንቁኝ አይደለም፤ ኋላ ለምን እንደተበሳጨሁ እንዲገባችሁ ነው።

በዚያ በሚንኳኳው ኮምፒውተር ውስጥ የየኔታ ድምፅ ነበር። የኔታ የደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው። ድምፃቸው ደኅና በነበረበት ዘመን፣ ወደ ማርቆስ በመጡ ቁጥር እዚህ ክፍል አስገብቼ፣ ማይክሮፎን ፊታቸው አቁሜ፣ የሚያውቁትን የየመምህራኑን ቅኔ ከነታሪኩ እያስነገርሁ ቀድቻቸዋለሁ። ማን ተቀኘው፣ የት ተቀኘው፣ ማንን ሊነካ ተቀኘው፣ የተነካውስ ምን አለ፤ ሁሉም አለበት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ሕይወታቸውን አተረፉ፤ ድምፃቸውን ግን አላተረፉም። ዛሬ የኔታ ሲናገሩ ገለባ በገለባ ላይ ሲሄድ ነው የሚመስለው። ዳግም አይቀዱም። የተቀዳው ደግሞ ያለው እዚያ በሚንኳኳው ውስጥ ብቻ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ አብዱ የሚባል የደሴ ልጅ ነው። ድምፁን በስልክ አሰማሁት፤ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነበር። ስልኬን ጠረጴዛው ሥር አስገብቼ ያዝሁለት።

«እትዬ» አለኝ፣ «ይኼ ዲስክ ሊሞት ነው።»

«መቼ?»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። እንዳያጠፉት ብቻ። አንዴ ከቆመ ተመልሶ ላይነሣ ይችላል። ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ማሽን እንገልብጠው።»

ትልቁ ማሽን ያለው ከግቢው ማዶ ባለው ሕንፃ ነው። ከእኔ ክፍል እስከዚያ ድረስ ገመድ ተዘርግቷል፤ የየኔታ ድምፅ በዚያ ገመድ ተሻግሮ መጠባበቂያ ቅጂ ይሆናል ማለት ነው። አብዱ ሁለት ትእዛዝ በመልእክት ላከልኝ። አንደኛው መገልበጡን የሚያስጀምር፣ ሁለተኛው ስንት እያለፈ እንደሆነ የሚያሳይ። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ቁልፍ የለው፤ ለእያንዳንዱ ጥቁር መስኮት ከፍተሽ ትእዛዙን በፊደል ትጽፊለታለሽ፣ እሱም በነጭ ፊደል ይመልስልሻል። «ፍጥነቱ አሥር አካባቢ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይጨርሳል» አለኝ አብዱ፤ «ወደ አንድ ከወረደ ግን የሚጨርሰው የሳምንት ነው። ዲስኩ ደግሞ ሳምንት የለውም። ዓይንዎን እንዳይነቅሉ።»

የሚነበብ ነገር ላይ ዓይን አለመንቀል ለእኔ ምን ቁም ነገር አለው? ትእዛዙን ፊደል በፊደል ጻፍሁ። አንድም አልሳትሁም። መጨረሻው ላይ ግን ነጥብ አልነበረበትም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች ነጥብ ሳያደርጉ የሚያመጡትን ደብዳቤ እየመለስሁ የኖርሁ ሰው፣ እንዴት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር በስሜ እልካለሁ? ነጥብ አደረግሁበት። ጥቁሩ መስኮት እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም አለኝ። ደገምሁ፤ አላውቅም አለ። አብዱ ጋ ደወልሁ።

«የላክሁልዎትን ብቻ ነው የጻፉት?»

«የላክኸውን ነው። ነጥብ ብቻ ረስተህ ነበር፤ ጨመርሁልህ።»

«እትዬ፣ እባክዎ አይጨምሩልኝ» አለ በትሕትና።

ነጥቡ ሲነሣ ሥራው ጀመረ። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ ደስ ይል ነበር። በየሰከንዱ አንድ መስመር ይወጣል። አሥር ነጥብ ስድስት። አሥር ነጥብ ስምንት። አሥራ አንድ። የኔታ በገመድ ላይ ሆነው ግቢውን ሲሻገሩ ይታየኝ ነበር፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው።

አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ወይዘሮ የሺ ናት፤ የአንባቢ ቦርሳ ተቀብላ የምታስቀምጥ የሥራ ባልደረባዬ። ሌላው አቶ ሙሉነህ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጋዜጣ ሊያነቡ በየቀኑ የሚመጡ፣ የቆየ ጋዜጣ ቢሰጧቸውም እንደ ዛሬ ዜና የሚናደዱ ሰው። በሩ ተከፈተና አንድ መምህር መጽሐፍ ሊመልስ ገባ። ተነሣን። «ኖር» አልን። «በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጡ» አለ። ተቀመጥን። መስኮቱን ሳይ አንድ ነጥብ ሁለት ይላል።

ዓይኔን አሸሁ። አንድ ነጥብ አንድ።

ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ወደ አሥር ተመለሰ። እኔም ተመለስሁ። ቀጥሎ አንዲት ተማሪ ገባች፤ ተነሣን፣ ተቀመጥን፤ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ቀጥሎ የጽዳቷ ወይዘሮ፤ አንድ ነጥብ ሦስት። እያንዳንዱ ውድቀት የሚሆነው እኔ ዓይኔን ወደ በሩ ባዞርሁበት ቅጽበት ነው። ሌባ እንኳ እንዲህ አድርጎ አይጠብቅም።

ለአብዱ ደወልሁ። «ሌላ ሰው መስመሩን እየተሻማ ይሆናል፤ ፊልም የሚያይ ሰው አለ?» አለኝ። የማያይስ ማን አለ? ተነሥቼ ከክፍል ክፍል ዞርሁ። እኔ እንደምታውቁኝ ዝምተኛ ነኝ፤ ከሰው ጋር ቃል ለመለዋወጥ ቃሉን ቀድሜ የማዘጋጅ ሰው ነኝ። በዚያ ቀን ግን በየቢሮው በር እየቆምሁ «እባካችሁ ፊልሙን አቁሙ» አልሁ። የሒሳብ ክፍሉ ሰው «ምን ፊልም?» አለኝ፤ ከጀርባው ሰው ይጮኻል፣ መኪና ይጋጫል። «ይኼንን» አልሁት። ድምፁን ቀነሰልኝ። ፊልሙን አላቆመውም፤ ድምፁን ብቻ ቀነሰልኝ። ያስቸገረኝ ጩኸቱ መስሎታል።

አንድ በአንድ ለምኜ፣ ሁሉንም አስቁሜ፣ አሸንፌ ተመለስሁ። ስገባ የሺና አቶ ሙሉነህ ተነሡልኝ። «በእግዜር» ብዬ አለፍሁ። መስኮቱን አየሁት። ዜሮ ነጥብ ስምንት።

ይኼን መስመር አብዱ በዓይኑ ቢያየው ይሻላል ብዬ አሰብሁ። በስልክ ላነብለት እችል ነበር፤ ግን አንብቤለት ብሳሳትስ? ጽሑፍ እንዳለ ሲገለበጥ ነው የሚታመነው። የኮምፒውተር ኮርስ ስወስድ አስተማሪያችን አንድ ጽሑፍ ለመገልበጥ ኮንትሮልና ሲ አንድ ላይ ይጫኑ ብሎናል፤ በፈተናም መጥቷል፣ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ጥቁር መስኮቶች በተራ በማውሱ መርጬ፣ በሁለቱም ላይ ኮንትሮልና ሲን አጥብቄ ተጫንሁ።

ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። የፍጥነቱ መስመር ቆመ፣ መገልበጡም ቆመ። ጠረጴዛው ሥር መንኳኳቱ ጨመረ፤ ቋቋቋቋ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ የሚመስል ነገር።

ለአብዱ ደወልሁ። «ምን ተጫኑ?» አለኝ።

«ኮፒ።»

«የምን ኮፒ?»

«ኮንትሮልና ሲ። ጽሑፍ መገልበጫ» አልሁት፣ ምናልባት ኮርሱን አልወሰደ ይሆናል ብዬ።

«እትዬ፣ እዚያ ጥቁሩ መስኮት ላይ ያ ማለት አቁም ማለት ነው።»

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። በአንዱ መስኮት «ገልብጥ» የሆነ ቃል በሌላው መስኮት «አቁም» ይሆናል? ለማቆም ሲሆን ደግሞ ፈጣን፤ እሽ ለማለት እንኳ አልዘገየም። አብዱ ግን ቅን ልጅ ነው፤ አልተቆጣኝም። ትእዛዙን ደግሜ እንድጽፍ ነገረኝ፤ ያለነጥብ። ከቆመበት ይቀጥላል አለ። ዲስኩ ጥቂት አንኳኳ፣ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ ቀጠለ። «ይኼ ግን የመጨረሻው ነው፤ ሁለተኛ ካቆሙት የሚነሣ አይመስለኝም። ከእንግዲህ ምንም ነገር አይንኩ። ማሽኑንም፣ ገመዱንም፣ ቁልፉንም» አለኝ። እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ።

በዚህ መሐል የኔታ መጡ። የእኅታቸው ልጅ ቤት ሆነው ሕክምናቸውን ይከታተሉ ነበርና ወሬውን ሰምተዋል። ሦስታችንም ተነሣን፤ ለየኔታ ሲሆን ደግሞ መነሣቱ ይለያል፣ ወንበርና አግዳሚ ገፍተን ነው የተነሣነው። እሳቸውም በዚያች በቀረቻቸው ድምፅ «በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ።

«ድምፄ እንዴት ዋለ?» አሉኝ፣ ታሞ የተኛ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው።

መስኮቱን አየሁት። ዜሮ ነጥብ ሦስት። እንዲህ ወርዶ አያውቅም።

«ደኅና ነው፣ እየሄደ ነው» አልኋቸው። ውሸት አልነበረም፤ እየሄደ ነበር፣ በጉልበቱ።

የኔታ ፊት ማንበብ የሚያውቁ ሰው ናቸው። «እኔ ስመጣ ነው የደከመው?» አሉ። «አይደለም» አልሁ። «እንግዲያ ልሂድ፣ ስሄድ እይው» አሉና ወጡ። ሲወጡ ተነሣን። ዜሮ ነጥብ ሁለት።

በሩ እንደተዘጋ የሺ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች። «ዓይን ነው» አለች።

«የማን ዓይን?»

«የሳቸው አላልሁም። የቅኔ ሰው ጠላት አያጣም። ያ ሁሉ የተነካ ሰው በውስጡ አለ አላልሽም?»

አቶ ሙሉነህ ጋዜጣቸውን አጥፈው የራሳቸውን አስተያየት ሰጡ። «ማሽኑ ዓይናፋር ነው። እኔም ፍርድ ቤት ስሠራ ብቻዬን ስሆን ነበር የምፈጥን፤ ዳኛው ሲገቡ እጄ ይያዝ ነበር።»

እኔ በሁለቱም አልተስማማሁም፤ ግን የምለው ሌላ ነገር አልነበረኝም። ዝም ስል የሺ እሽታ መሰላት። ከቦርሳዋ አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች፤ ጠበል። ክዳኑን ፈትታ ጠረጴዛው ሥር ልትረጭ ጎንበስ ስትል ነው ያየኋት። ምንም እንዳልነካ ከተነገረኝ ወዲህ እጄን የዘረጋሁት ያን ጊዜ ነው።

«የሺ፣ ኤሌክትሪክ ነው።»

«ጠበል ነው።»

«ኤሌክትሪክ ላይ ነው የምትረጪው።»

«እምነት የለሽም አንቺ።»

«እምነት አለኝ። እሳትም አለ።»

በስንት ልመና የበሩ ደፍ ላይ እንድትረጨው አስማማኋት። ዓይን ቢሆንስ በበር አይደል የሚገባው? ረጨችው። ወዲያው አንድ ተማሪ በበሩ ገባ፤ ተነሣን፤ ረግጦት አዳልጦት ለጥቂት ሳይወድቅ ቀረ። ፍጥነቱ ግን ወደቀ።

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። ለአብዱ ደወልሁና ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም «ሰው ጠልቷል ይኼ ማሽን» አልሁት።

«እስቲ ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ሲወርድ ክፍሉ ውስጥ ምን ተፈጠረ?»

«ምንም።»

«ምንምማ አይሆንም።»

«ሰው ገባ።»

«የገባው ሰው ምን ነካ?»

«ምን ይነካል? ገና በር ላይ ነው።»

«እናንተስ?»

«እኛ ምን?»

«ሰው ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምን እናደርጋለን፣ እንነሣለን።»

«ሁላችሁም?»

«ታዲያ ተጎልተን ልንጠብቀው ኖሯል?»

አብዱ ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ገመዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ገመዱን የዘረጉት ሰዎች ስላጠረባቸው መካከል ላይ ከሌላ ገመድ ጋር በትንሽ መገጣጠሚያ ቀጥለውታል። መገጣጠሚያዋ ክፍሉ መሐል ተጋድማ ሰው ታደናቅፍ ነበር። ሰው በተደናቀፈ ቁጥር የምታፍረው ደግሞ የክፍሉ ባለቤት ናትና፣ አግዳሚውን ጎትተን በላይዋ እናስቀምጥ ያልሁት እኔው ነኝ። የአግዳሚው አንድ እግር በትክክል መገጣጠሚያዋ ላይ ነው ያረፈው። ገመዱን ይዛ የምታስቀር ጥፍር ተሰብራለች። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ ይጫናታል፣ ትገጥማለች። ሰው ሲነሣ አግዳሚው ከፍ ይላል፣ ትላላለች።

እንግዲህ የየኔታን ድምፅ ሊገድል የነበረው አስተዳደጋችን ነው። ባለጌዎች ብንሆን፣ ሰው ሲገባ ተጎልተን የምንቀር ስዶች ብንሆን፣ ገመዱ ደኅና ይውል ነበር።

«አሁን ላስተካክላት?» አልሁት።

«እንዳይነኳት። ጨርሳ ከወጣች ይቋረጣል፤ ከተቋረጠ አለቀ።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«አግዳሚው ላይ ያሉት አይነሡ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪጨርስ።»

«ሰው ቢገባስ?»

«አይነሡ።»

የደሴ ልጅ ነው እንጂ ባለጌ አይደለም፤ እነሱም ጋ ለሰው ይነሣል። ግን ሥልጠና ላይ ያለ ሰው ሩቅ ነው፤ ማዘዝ ይቀለዋል።

መጀመሪያ በሰው ፋንታ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብሁ። ከመደርደሪያው ማንም የማያነባቸውን ከባድ ከባድ ጥራዞች እያወረድሁ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ የሺ አጠገብ ቆለልሁ። ክብደቱ ወደዚያኛው ጫፍ አደላና በዚህ በኩል ያለው እግር ተነሣ። ዜሮ ነጥብ አንድ። መጽሐፍ ሰውን ይተካል ብዬ ያመንሁበት ዕድሜ ሁሉ በዚያች መስመር ላይ ከንቱ ቀረ። ጥራዞቹን መልሼ ወረወርኋቸው። ወረወርሁ ስል አስቀመጥሁ ማለቴ ነው፤ ተበሳጭቼም ቢሆን መጽሐፍ አልወረውርም።

ለየሺና ለአቶ ሙሉነህ ነገርኋቸው። የሺ «እኔ ሰው ገብቶ ሳልነሣ? እናቴ መቃብሯ ውስጥ ትገለበጣለች» አለች። አቶ ሙሉነህ ግን ነገሩን እንደ መሐላ ያዙት። «ለየኔታ ድምፅ ነው አይደል? እንግዲያ እኔ ከዚህ አልነሣም፤ ንጉሥም ቢመጣ» አሉና ጋዜጣቸውን ፊታቸው ላይ ዘረጉ። የሺም በእልኽ ተቀመጠች።

ንጉሥ አልመጣም። የመጡት የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ናቸው፤ ከበላይ የመጡ ሁለት እንግዶች ሊያስጎበኙ። ጠላት እንኳ እንዲህ ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። በሩን ራሳቸው ከፍተው «ይኼ ደግሞ ቤተ መጻሕፍታችን ነው፤ ሠራተኞቻችን ሥነ ምግባር...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አግዳሚውን አዩ።

እኔ ከራሴ ወንበር ተነሥቻለሁ፤ የእኔ ወንበር ከገመዱ ጋር ጠብ የለውም። በሦስታችንም ፋንታ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። የሺ ግን ተቀምጣለች። አቶ ሙሉነህም ተቀምጠዋል፤ ከጋዜጣው ጀርባ «ኖር ብለናል» አሉ፣ ተቀምጠው። እንዲህ ያለ ኖር በጎጃም ምድር ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ኃላፊው ፊታቸው ቀላ። «ምነው፣ ታመምሽ?» አሏት የሺን።

«ኧረ ደኅና ነኝ ጌታዬ። ሥራ ላይ ነኝ» አለች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

ከእንግዶቹ አንዱ ቅን ሰው ናቸው መሰለኝ ጠጋ ብለው «ሥራሽ ምንድን ነው እኅቴ?» አሏት።

«መቀመጥ።»

ላስረዳ ሞከርሁ። ያን ቀድሜ የማዘጋጀው ቃል ያን ጊዜ ከየት ይምጣ? «ገመዱ ነው፣ ከተነሡ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ድምፁ...» አልሁ። እንግዶቹ ተያዩ። ኃላፊው «በኋላ ቢሮዬ ነይ» ብለው በሩን ዘጉት። መስኮቱን አየሁት፤ አሥር ነጥብ ሰባት። ከሥራ መባረሬ እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ግን አሥር ነጥብ ሰባት ነበር።

የሺ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ባለጌ ሆኜ ቀረሁ» አለች። «አይዞሽ» አሏት አቶ ሙሉነህ፣ «ለጥሩ ነገር ነው የባለግነው።»

ጥቂት እንደቀረ መስኮቱ ነገረኝ። እፎይ ልል ስል ከደጅ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ። የኔታ ተመልሰው መጡ።

አቶ ሙሉነህም ሰምተዋል፤ ሊነሡ ጋዜጣውን ሲያጥፉ አየሁ። ለኃላፊ አለመነሣት አንድ ነገር ነው፤ ለየኔታ አለመነሣት ግን በእሳቸው ጉልበት የሚሆን አልነበረም። ዘልዬ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ደጁ ላይ ቆምሁ።

«የኔታ፣ እንዳይገቡ።»

«ምነው፣ ሞተ?» አሉኝ።

«አልሞተም፤ ሊያልቅ ነው። ግን ከገቡ ይነሣሉ፤ ከተነሡ ይወድቃል።» ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው።

«አይነሡ በያቸዋ።»

«ለእርስዎ አይነሡ ብል ማን ይሰማኛል?»

አሰቡ። «እውነትሽን ነው፤ አይሰሙሽም» አሉ። «እንግዲያ አልገባም።»

ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጋቢያቸውን እያራገበ ደጅ ቆሙ። ወንበሬን አወጣሁላቸው። «እነሱ ለእኔ ታስረው ተቀምጠዋል፤ እኔ ደግሞ ለእነሱ ልቁም» አሉ። መምህር ደጅ ቆሞ ተማሪ ቤት ውስጥ የተቀመጠበት ቀን መቼ ነበር? በመስኮቱ መስታወት ጥላቸው ስለሚታይ የሺ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበችው። «ካላየሁ አልነሣም» አለች። አቶ ሙሉነህ ጋዜጣውን ገልብጠው ይዘው ያነቡ ነበር።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ እያየሁ መስመሩ መውጣቱን አቆመ። ጥቁሩ መስኮት ባዶ ሆኖ ብልጭ ብልጭ የምትል ነጭ ነገር ብቻ ቀረች። ጨረስሁ አላለም። ወደቅሁም አላለም። ለአብዱ ደወልሁ።

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«ምንም ካላለ ጨርሷል። እንዲህ ያሉት የሚናገሩት ሲበላሽ ብቻ ነው።»

እንዲህ ያለ ጠባይ ከዚያ ቀን በፊት የማውቀው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር፤ በራሴ ላይ። ቢሆንም አላመንሁትም። ከማዶው ማሽን በዚያው ገመድ በኩል፣ ከአዲሱ ቅጂ አንዱን ከፈትሁ። ድምፅ ማጉያው ጥቂት ሽሽሽ አለና የኔታ ወጡ። የድሮው የኔታ፣ ደረት ያለው፣ ግድግዳ የሚሞላ ድምፅ።

በሩን ከፍቼ «የኔታ፣ ይግቡ» አልሁ።

ገቡ። የሺና አቶ ሙሉነህ፣ ስንት ሰዓት ያመቁትን ሁሉ አንድ ላይ፣ ብድግ አሉ። ድምፁ ቃሉን መሐል ላይ ቆረጠ።

«ተቀመጡ» አልኋቸው። ተቀመጡ፤ ድምፁ ቀጠለ። የሺ እግራቸውን ልትስም ተነሣች፤ ተቆረጠ። የኔታ ራሳቸው «ኧረ ልስማበት፣ ተቀመጪ ልጄ» አሏትና ሄደው በመካከላቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ሰሙ። ፊታቸው ላይ ምን እንደነበረ አልነግራችሁም፤ ስላላየሁ ነው፣ እኔም ዕቃ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ ብዬ ነበር።

አንድ ቅኔ ተነገረ፤ ታሪኩ ተከተለ። የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«አቁሚው።»

አቆምሁት።

«ተሳስቷል።»

«ማን?»

«ይኼ ሰውዬ። እኔ። ይህች ቅኔ የመርጡለ ማርያሙ መምህር ናት። ለይጁቤው መምህር ሰጣት። የሰው ቅኔ ለሰው ሰጥቷል።» መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ መቱ። «አጥፊው።»

ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ አሰብሁ፤ ነጥቡን፣ ጠበሉን፣ ኃላፊውን። «የኔታ፣ አይጠፋም» አልኋቸው። «እዚህም አለ፣ ማዶም አለ። የደከምነው እንዳይጠፋ ነው።»

«እንግዲያ ቀድሞ በአንድ ቤት ነበር የተሳሳትሁት፤ አሁን በሁለት ቤት አደረግሽኝ» አሉ። ደረታቸው ውስጥ የገለባው ድምፅ ሲንቀሳቀስ ሰማሁት፤ ይሥቁ ነበር። ቀጥሎ ግን አልሣቁም። «ማይክሮፎኑን አምጪ። በዚችው በቀረችኝም ቢሆን ላርም። የሟች ሀቅ ነው።»

ታምመው ከተነሡ ወዲህ ስንት ጊዜ ለምኛቸው እምቢ ያሉኝ ነገር ነው። ማይክሮፎኑን ሰካሁ፣ ፊታቸው አቆምሁ፣ መቅጃውን ከፈትሁ። ቅኔውን በሹክሹክታ ነገሩት፤ ባለቤቱን ከነአገሩ ጠሩት፤ ይቅርታ ጠየቁት። የሺ ትንፋሿን ይዛ፣ አቶ ሙሉነህ ጋዜጣቸውን አጥፈው ሰሙ። እንደዚያ ያለ ነገር ቀድቼ አላውቅም። ጨረሱ። አስቀመጥሁት።

ያን ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ቋ፣ ቋ አለ።

ማይክሮፎኑን የሰካሁት፣ እንደ ልማዴ፣ በዚያው በሚሞተው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ትእዛዙን ያለነጥብ ጻፍሁ። ጥቁሩ መስኮት አሰበ፣ ዲስኩ አቃሰተ፣ የመጀመሪያዋ መስመር ብቅ አለች። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና ኃላፊው፣ ቢሮዬ ነይ ብለው ሳልሄድ ስቀር ራሳቸው መጡ። የኔታ፣ ለሕፃንም ሳይነሡ የማያውቁት ሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጉልበታቸውን ሲያቀኑ አየሁ። አግዳሚው ሲጢጥ አለ።

«የኔታ» አልኋቸው፣ ኃላፊው እየሰሙኝ፣ «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ለኚህ ሰውዬ አይነሡ።»